ላፕቶፕ ልትገዙ ለተነሳችሁ ልጆቼ

ዩኒቨርሲቲው አዲስ ተማሪ በሚቀበልበት ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ጥያቄ ይበዛብኛል፤ «ጋሼ፣ የትኛው ላፕቶፕ ይሻላል?» ምን ልትሠሩበት እንደሆነ ስጠይቃችሁ ዝም ትላላችሁ። የምርቱን ስም ግን አስቀድማችሁ መርጣችኋል። ዕድሜዬን ኮምፒውተር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ያ ምርጫ ከየት እንደመጣባችሁ ላጫውታችሁ።

ድሮ ተራው ገዢ ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ማን እንደሠራው ደንታ አልነበረውም። ቢፈልግስ የት ያየዋል? ክዳን ሥር የተደበቀ ዕቃ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1991 ፕሮሰሰር ሠሪው ኢንቴል «ኢንቴል ኢንሳይድ» የተባለውን ዘመቻ ጀመረ። ኮምፒውተር ሠሪዎቹ የእርሱን ምልክት በማስታወቂያቸው ላይ ካወጡ ከወጪው ከፊሉን ይሸፍንላቸዋል። ሠሪዎቹም ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። የማይታየው ዕቃ በአንዲት ተለጣፊ ወረቀት ታየ፤ ገዢውም ወረቀቷ የሌለችበትን ማሽን መጠርጠር ጀመረ።

አፕልም የራሱ ዘዴ አለው። የላፕቶፖቹ ክዳን ላይ ያለው ፖም ቀድሞ ቀጥ ብሎ የሚታየው ለባለቤቱ ነበር፤ ሲከፈት ፊት ለፊት ለተቀመጠው ሰው ይዘቀዘቃል። በኋላ ገለበጡት። ገንዘቡን የከፈለው አንዱ፣ አርማው የሚታየው ለሌላው! በ2008 የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ ማክቡክ ኤር የተባለውን ላፕቶፕ ከወረቀት ፖስታ መዝዞ አሳየ። ሲዲ ማንበቢያ የለውም፣ የዩኤስቢ ቀዳዳው አንድ ብቻ ነው፤ የተጨበጨበው ግን ለቅጥነቱ ነበር። የጎደለው ነገር ያምራል ተብሎ ሲሸጥ ማየት ይገርማል።

ስም ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። የታወቀ ምርት ባትሪውም ኪቦርዱም ከገበያ አይጠፋም፤ ለእኔ ቢጤው ጠጋኝ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያናድደኝ በኢንቴል ፕሮሰሰር ስም «አይ ሰቨን (i7) ነው» የሚባለው ነው። የመንዝ ገበሬ በግ ሲገዛ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ዕድሜው እዚያ አለና። ፕሮሰሰርም ጥርስ አለው። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር አንብቡ፦ i7-4600U ማለት አራተኛ ትውልድ ነው፣ ያለውም ሁለት ኮር፣ ማለትም ሥራ የሚካፈሉ ሁለት ክፍሎች፣ ነው። i5-8250U ስምንተኛ ትውልድ ሆኖ አራት ኮር አለው። «ሰባት ከአምስት ይበልጣል» ብሎ ለመጀመሪያው አብልጦ የከፈለ ልጅ አጋጥሞኛል፤ አባቱ በግ ሸጠው የላኩለት ገንዘብ ነበር። ደግሞም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ አራተኛው ትውልድ ዊንዶውስ 11ን ለመጫን ከተፈቀደላቸው ውስጥ የለም።

ጽሑፍ ለመጻፍና ለማንበብ ከሆነ 8 ጊጋባይት ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ይበቃችኋል። ዲስኩ አሮጌው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ ግን፣ ክዳኑ ላይ ያለው ስም የፈለገውን ያህል ቢከበር፣ ማሽኑ እስኪነሳ ቡና ይፈላል። ሥዕልና ቪዲዮ የምትሠሩ፣ የእናንተ ሌላ ነው፤ መጥታችሁ አነጋግሩኝ።

ሱቅ ስትገቡ ተለጣፊውን ተዉት። ማሽኑን አስከፍቱ፣ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም ከሲስተም መረጃው ላይ ራሳችሁ አንብቡ። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ሥሩበት። ባለሱቁ ከተቆጣ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።