ወተትሽ አላነሰም፣ ልጁ መሳብ ስላልቻለ ነው

እህቴ፣ «ልጄ 9 ቀኑ ነው፣ ላንቃው ክፍት ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ጡት ላይ ቆይቶም ያለቅሳል፣ ወተቱ በአፍንጫው ይወጣል። ወተቴ አንሶ ይሆን? የዱቄት ወተት ልጀምርለት?» ብለሻል። የኔው ልጅ አሁን 4 ዓመቱ ነው፣ ያለሽበትን አውቀዋለሁ።

በተሰነጠቀ ስትሮ ለመጠጣት ሞክረሽ ታውቂያለሽ? ብትስቢ ብትስቢ አየር እንጂ መጠጥ አይመጣም። ላንቃው ክፍት የሆነ ልጅም እንደዚያው ነው። ጡት ላይ ብዙ ሲቆይ ከሚያገኘው ጉልበት የሚያቃጥለው ይበልጣል።

የኔ ልጅ ከንፈሩ ደህና ስለነበር በወለድኩበት ሆስፒታል አፉን ከፍቶ ያየ አልነበረም። ቤት ስንገባ አክስቴ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» ብላ ቆራጭ ልታስመጣ ነበር። ደግነቱ ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ በባትሪ አይታ ነገረችን። እንጥል የሚልሽ ካለ በጭራሽ እሺ አትበዪ፤ ደም ይፈሰዋል፣ ኢንፌክሽን ይይዘዋል። መጋትም ይቅር፣ ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል።

እኔ በየ2 እና 3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ እያለብኩ በቡና ሲኒ ነው ያሳደግኩት። ሲኒውን በደንብ አፍልቼ፣ ልጁን ቀጥ አድርጌ አቅፌ፣ ጠርዙን የታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፋለሁ፤ በምላሱ ራሱ ይልሰዋል። አፉ ውስጥ አይፈስም። ኋላ ለስላሳ፣ የሚጨመቅ ጡጦ አገኘሁ፤ ሲውጥ ጠብቄ ቀስ አድርጌ እጫነዋለሁ። አንዱ ምግብ ከ30 ደቂቃ አይለፍ። አየር ስለሚውጥም በመሃል በመሃል ደጋግመሽ አቁመሽ አስገሺው። ከጠገበ በኋላ ለፍቅሩ ጡት ላይ አድርጊው፣ ምን ይጎዳዋል?

በአፍንጫው ሲወጣ አትደንግጪ፤ ቆም በዪ፣ ጥረጊለት፣ ቀጥዪ። ትን ብሎት ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም እያቃሰተ የሚተነፍስ ከሆነ ግን ወዲያው ሆስፒታል። አገጩም ትንሽና ወደ ኋላ የገባ ከሆነ ምላሱ ትንፋሹን ሊዘጋበት ስለሚችል፣ ከመብሉ በፊት በምን ጎን እንደሚተኛ ሐኪም ያሳይሽ።

የዱቄቱን ጉዳይ ሚዛኑ ይወስንልሽ። በየሳምንቱ አስመዝኚው፤ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መጨመር አለበት። ያንቺ ታልቦ ካልበቃ ጨምሪለት፣ ምንም አያሳፍርም። እኔም ሁለት ወር ጨምሬያለሁ፣ አማቴ ብታኮርፍም።

ላንቃው ብዙ ጊዜ የሚሰፋው ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ አዲስ አበባ ካለሽ የካቲት 12 ሆስፒታል ሄደሽ ከአሁኑ ተመዝገቢ፣ ስማይል ትሬይን በሚባለው የተሰነጠቀ ከንፈርና ላንቃ የሚያሳክም የበጎ አድራጎት ድርጅት ድጋፍ በነፃ ይሠራል። ጆሮውንም አስመርምሪው፣ እነዚህ ልጆች ጆሯቸው ውስጥ ፈሳሽ ይቋጥራል።

ለመሆኑ ስንት ኪሎ ሆኖ ተወለደ? ዛሬስ ስንት ነው? ሁለቱንም ጻፊልኝ።