«ልታገባው» ወይስ «ልታጋባው»?

ጥያቄ፦ ልጆቻቸውን ለመዳር ስለሚሯሯጡ እናቶች አጫጭር የፍቅር ታሪኮች እጽፋለሁ። በአንዱ ላይ «እናቱ ልታገባው ቆርጣ ተነሥታለች» ብዬ ጽፌ ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ልታጋባው» ብዬ ሳስተካክለው ደግሞ «አሁንም የጎደለ ነገር አለው» አለኝ። የቱ ነው ትክክሉ? እንዲህ ያለችውን እናትስ በአንድ ቃል ምን ልበላት?

መልስ፦ ጓደኛዎ አይፈረድበትም። እርስዎ የጻፉት ዓረፍተ ነገር ሴትዮዋን ከእናትነት አንሥቶ ሙሽራ አድርጓታል። «አገባ» ሲባል ትዳር የሚይዘው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት፣ ማለትም አድራጊው፣ ራሱ ነው፤ ተሳቢው ደግሞ ሚስቱ ወይም ባሏ ነው። «ልታገባው» ካሉ እንግዲህ ለልጇ የቀረለት ቦታ አንድ ብቻ ነው። የስፖርት ገጽ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ስለ ኳስ ነው ይባል ነበር፤ «ጎል አገባ» እንላለንና።

በጽሕፈት ሁለቱን የሚለያቸው የአንድ ፊደል ግእዝና ራብዕ ነው፤ ገ እና ጋ። በአፍ ግን ሌላም ልዩነት አለ። በ«አገባ» ገ ይላላል፣ በ«አጋባ» ጋ ይጠብቃል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማያሳይ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ስሕተት በዓይኑ አይቶ ያልፈዋል። ጮክ ብሎ ቢያነበው ጆሮው ይይዘው ነበር።

ሁለተኛው የጓደኛዎ ትዝብት ደግሞ ከመጀመሪያው ይበልጥ ስል ነው። «አጋባ» የተገኘው ከ«ተጋባ» ነው፤ «ተጋባ» ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እንደ «አጣላ»፣ «አዋደደ»፣ «አስማማ» ያለ ግሥ ነው። «እናቱ አጣላችው» ብዬ ዝም ብል «ከማን ጋር?» ይሉኛል። «ልታጋባው»ም እንዲሁ ነው፤ «ከሥራ ባልደረባዋ ልጅ ጋር ልታጋባው» ወይም «ሁለቱን ልታጋባ» ሲሉት ይሞላል። ልጅቷ ገና ካልተገኘች ግን የሚፈልጉት ግሥ «ዳረ» ነው። «ልትድረው ቆርጣ ተነሥታለች» ምንም አይጎድለውም፤ ዳሪ አለ፣ የሚዳር አለ፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል። የብዙ እንዲህ ያሉ ታሪኮች መነሻም ይኸው ነው፤ እናቲቱ ቸኩላለች፣ ሙሽራዋ ግን የለችም።

የግሡ ምርጫ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎ። ታሪኩ የማን እንደሆነ የሚናገረው እርሱ ነው። ይህችን ቁራጭ ይመልከቱ፦

«እናቱ ልትድረው ቸኩላለች። ሐሙስ ዕለት ከሥራ ባልደረባዋ ልጅ ጋር አስተዋወቀችው። ወጣቶቹ ለሁለት ወር ተኮራረፉ፤ በሦስተኛው ታረቁ፤ በዓመቱ ተጋቡ።»

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አድራጊዋ እናቲቱ ናት። ከ«ተኮራረፉ» ጀምሮ የለችም። ማንም አላባረራትም፤ «ተ» ናት ቀስ ብላ ያስወጣቻት። መጨረሻውን «አጋባቻቸው» ቢሉት ግን ኩርፊያውም እርቁም ወደ እርሷ ሥራ ይዞራል፤ ልጆቹም የእርሷ ዕቅድ ማስፈጸሚያ ይሆናሉ። አስቂኝ ታሪክ ከሆነ ያምራል፤ የፍቅር ታሪክ ከሆነ ግን ፍቅሩን ገደሉት። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንኳ ነፃና ሙሉ ፈቃድ የሚጠይቀው ከ«ተጋቢዎች» ነው። እዚያም ቃሏ በ«ተ» ትጀምራለች።

በነገራችን ላይ «አስተዋወቀችው» እንጂ «አዋወቀችው» አይበሉ። እንደ «አወቀ» በ«አ» የሚነሣ ግሥ ይህን የማገናኘት ቅርጽ ሲይዝ «አስተ»ን ይፈልጋል፤ «ታረቀ»ም ለዚህ ነው «አስታረቀ» የሚሆነው። ሌላም ልጨምር፦ ማዛጋት ይጋባል፣ ሳቅ ይጋባል፣ ጉንፋንም ይጋባል። ቀልደኛ ጸሐፊ ከሆኑ «እናቱ ያጋባችው ጉንፋን ብቻ ነበር» የምትል ዓረፍተ ነገር በነፃ ቀርባልዎታለች።

ስለ አንዱ ቃል። «አጋቢ» በሰዋስው አይነቀፍም፤ ነገር ግን የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ያንጠለጠለች ያስመስላታል። «አገናኝ» ካሏት አገናኝ መኮንን ትመስላለች። «ደላላ» ኮሚሽን ያስከትላል። «አቃጣሪ» ስድብ ስለሆነ እናቲቱን ለሚጠላ ገጸ ባሕርይ አፍ ያቆዩት። እኔ ብሆን ስም አላወጣላትም፤ አማርኛ እንዲህ ላለው ሰው «ባይ» የሚል ጥሩ መሣሪያ አለው። «ልዳርህ ባይ እናት» ይበሏት፤ ወይም «ካልዳርኩህ ባይ»፣ ይህኛው ግትርነቷንም ይጨምራል። የምትናገረው ቃል ራሱ ስሟ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነው። ተራኪው እናቲቱን «አለች» ብሎ ከጀመረ በገጹ መካከል «አሉ» አይበል። «አለች» እንደ ልጇ በቅርብ ያሳያታል፤ «አሉ» ከግቢው በር ላይ ቆሞ እንደሚያይ እንግዳ ያደርገናል። ሁለቱም ያስኬዳል፤ የሚያስቸግረው መደባለቁ ነው። ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርሳቸው በፈለጉት መንገድ ይጠራሩ። ደግሞም ልጇ ያገባት ሴት «ምራቷ» ናት፣ እርሷ ለዚያች ሴት «አማት» ናት፤ «አማች» የሴት ልጇ ባል ነው። ይህን የሚያምታቱ አርታኢዎች አይቻለሁ።

«ባይ» ካነሣን፣ ፍርድ ያልተዋጠለት ሰው «ይግባኝ ባይ» ይባላል፤ «ይግባኝ»ም ከዚያው ከ«ገባ» ቤት የወጣ ነው። ልጇ አንዷን እምቢ ሲላት በማግስቱ የሌላዋን ፎቶግራፍ ይዛ የምትመጣውን እናት ለመሣል ከፈለጉ ቃሉ እዚህ ተቀምጦልዎታል።