«ሳይጠሩት አቤት» እና ሌሎች የሚሽን ጥያቄዎች

ክረምት ሲቃረብ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ሻንጣ ያወርዳሉ፣ የእኔም ስልክ በመልእክት ይጨናነቃል። ዘንድሮ ብዙዎቻችሁ ወደ ደቡብ ሱዳን ናችሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ። በየመጨረሻው ያለውን «ጌታ ይባርክሽ» ግን አሜን ብዬ ወስጃለሁ።

ቢጫ ካርዴ አሥር ዓመት አልፎታል። እንደገና ልከተብ?

አያስፈልግህም። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቢጫ ወባ ክትባት አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትከተቡ ግን ካርዱ የሚሠራው ከክትባቱ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የመጨረሻዋን ሳምንት አትጠብቁ።

የቡድናችን ቲሸርት ምን ቀለም ይሁን? ሦስት ጊዜ ተሰብስበን አልተስማማንም።

ተዉት። በሦስቱ ስብሰባ የጁባ ዐረብኛ ሰላምታ ትለምዱ ነበር።

አሥራ አራት ሆነን ለሁለት ሳምንት ጁባ ልንሄድ ነው። የልጆች ፕሮግራም፣ የመሪነት ሥልጠና፣ የሁለት ምሽት ኮንፈረንስ ሁሉ ተዘጋጅቷል። የቀረን የሚያስተናግደን ቤተ ክርስቲያን ማግኘት ብቻ ነው። የምታውቂው አለ?

የመጨረሻዋን መስመር ሁለቴ አነበብኳት። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ ራሴ ልንገርህ። መጀመሪያ ጁባ ስሄድ አሥራ አንድ ነበርን። ያረፍነው መጋቢው ቤት ነው። በዚያ ሰፈር የቧንቧ ውሃ የለም፤ ከናይል የተቀዳ ውሃ በቦቴ መኪና እየዞረ በበርሜል ይሸጣል። እኛ ይህን አናውቅም። ሙቀቱ አዲስ አበባ የለመደ ሰው የሚችለው አይደለም፣ ጠዋትና ማታ ገላችንን ታጠብን። በአምስተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ስወጣ የመጋቢው ሚስት በርሜሉ ውስጥ እስከ ወገቧ ጎንበስ ብላ በኩባያ ትቀዳለች። ኩባያው የበርሜሉን ሥር ሲፍቅ ይሰማል። እንግዳ ባይኖር ሳምንታት የሚያቆያቸውን ውሃ ነበር የጨረስነው። ማንም አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። የዚያን ዕለት ማታ የትምህርታችን ርዕስ «እንግዳ ተቀባይነት» ነበር። አስተማሪዋ እኔ።

ስለዚህ ፕሮግራማችሁን እጠፉትና መጀመሪያ ጻፉላቸው። ምን ያስፈልጋችኋል? ስንት ሰው ትችላላችሁ? የትኛው ወር ይመቻችኋል? «አራት ሰው ይበቃናል» ሊሉ ይችላሉ። «ሰባኪ ሞልቶናል፣ ጄኔሬተር የሚጠግን ላኩልን» ሊሉም ይችላሉ። የውሃውንና የምግቡን ወጪ ቀድማችሁ ስጡ፤ ስትሄዱ በፖስታ የሚሰጥ ስጦታ አታድርጉት።

ሌላም አለ። ኑዌርኛና አኙዋክኛ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይነገራሉ። የጋምቤላ አማኝ ያለ አስተርጓሚ ተቀምጦ የሚያወራውን፣ የእኛ ሰባኪ በአስተርጓሚ ሲያንዛዛው ያመሻል። እውነቱን ልንገርህ፣ ከአሥራ አራቱ ቲኬት አሥሩን ለጋምቤላ ወንድሞችና እህቶች ብትገዙ ይሻላል። ደግሞ እኛ ካልሄድን ሥራው ይቆማል ለሚል ሰው ወላይታ አለለት። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ምክንያት የውጭ ሚሽነሪዎች ሲወጡ የተጠመቁት መቶ አይሞሉም ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው ጠበቋቸው።

አስተናጋጅ አልፈልግልህም። የሚጠራችሁ ካለ ግን ጻፍልኝ፣ እረዳለሁ።

ከተመለስኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ያተኩሰኛል፣ ያንቀጠቅጠኛል፣ ከዚያ አልቦኝ ይተወኛል። እየጸለይኩ ነው። የወባ መከላከያውን ዶክሲሳይክሊን ቦሌ ስደርስ አቁሜዋለሁ።

ጸልይ፣ ግን ታክሲ ውስጥ ሆነህ ጸልይ። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ። ነገ አይደለም፣ ከሥራ በኋላም አይደለም። በር ላይ ገና ስምህን ሲጠይቁህ «ጁባ ነበርኩ» በል፤ ካላልክ አዲስ አበባ ላይ ታይፎይድ ነው ብሎ የሚሸኝህ አይጠፋም። የደም ምርመራው ወባ የለም ቢልና ትኩሳቱ ባይለቅህ በማግሥቱ ተመልሰህ ድገመው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሰው ይገድላል። ሌሎቻችሁም ስሙ፤ ዶክሲሳይክሊን ወባ ካለበት አገር ከወጡ በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ቦሌ መድረስ ማቆሚያ አይደለም።

መሬት ላይ መተኛት ወገቤን ይጎዳው ይሆን?

ሐኪም ጠይቂ። እኔን ካልሽ፣ ፍራሽ ያዢ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ። ልጆቼ 16 እና 18 ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ሄደው ለሁለት ሳምንት ፍቅር መስጠት ይፈልጋሉ።

እሜቴ፣ ልጆችዎ ደግ ናቸው። ግን ያንን ሕፃን ያስቡት። በሦስተኛው ቀን አንገታቸው ላይ ይጠመጠማል፣ በአሥራ አራተኛው ቀን ይሄዱበታል። ቀጣዩ ቡድን ይመጣል፣ እንደገና። «እንወስድሃለን» የሚል ቃልም እንዳያመልጣቸው። ወደ ውጭ የሚሰጥ ጉዲፈቻ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ቀርቷል። ማሳደጊያውን መርዳት ከፈለጉ ሁልጊዜ እዚያው ለምትሠራው ሞግዚት ደመወዝ ይላኩ። ልጆቹ ክረምቱን አያታቸው ጋ ይክረሙ፣ አማርኛቸውም ይቃናል።

ከጁባ ከመጣሁ ቤት አልመች አለኝ። እናቴ የተረፈ ወጥ ስትደፋ ጮህኩባት። መዝሙራቸው ትዝ ሲለኝ አለቅሳለሁ። ምን ነክቶኝ ነው?

መጀመሪያ እናትሽን ይቅርታ ጠይቂ። ጁባን ያላየችው ጥፋቷ አይደለም።

የቀረው የብዙዎቻችን ነው። እንቅልፍ ከነሣሽና ወር ካለፈው የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ አነጋግሪ። ለቅሶው ግን ሁሉም ሐዘን አይደለም። ያቺ የመጋቢ ሚስት አንድ ቀን ኪስራ ልታስጋግረኝ ምጣድ ፊት አስቀመጠችኝ። የማሽላ ሊጥ ነው፣ የቦካ፣ እንደ ወረቀት ስስ ተደርጎ የሚጋገር። እኔ ደግሞ እንጀራ ጋጋሪ ነኝ ብዬ ኮራሁ። አንደኛው ተቀደደ፣ ሁለተኛው ተጨማደደ፣ ሦስተኛው እጄ ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ሳቋ አላስቆም ብሏት መሬት ተቀመጠች። ካስተማርኩት ሁሉ አንድም አላስታውስም፣ ያንን ሳቅ ግን አልረሳውም። እስከ ዛሬ ስደውልላት ከሰላምታ በፊት «ኪስራሽ እንዴት ሆነ?» ነው የምትለኝ።

የእነሱን ቁጥር ይዘሽ የለ? ደውዪላቸዋ።