የቤቱ ሩብ ስንት ያወጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ከጓደኛዬ ጋር ግማሽ በግማሽ የገዛነው ቤት አዲስ አበባ አለን፣ በወር 60,000 ብር ይከራያል። አሁን ብር ቸግሮት ከድርሻው ግማሹን፣ ማለትም የቤቱን ሩብ፣ ለኔ ሊሸጥልኝ ነው። ደላላ ቤቱን 12 ሚሊዮን ስላለው «ሩቡ 3 ሚሊዮን ነው» ይለኛል። የባንክ ዕዳ 1.2 ሚሊዮን ይቀራል። የጓሮውን ሰርቪስ ቤቶች ደግሞ ብቻዬን በ600,000 ብር ነው የሠራሁት። እንዳንቀያየም ፈርቻለሁ፣ ምን ልበለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጓደኛህ ሒሳብ ክፋት የለበትም፣ ግን አልጨረሰውም። ደላላ የሚጠራው ዋጋና ቤቱ የሚሸጥበት ዋጋ አንድ አይደሉም። ሰፈራችሁ ውስጥ በቅርቡ የተሸጡ ሁለት ሦስት ቤቶች ስንት እንደወጡ ጠይቁ፣ ካልሆነም ክፍያውን ተካፍላችሁ ገማች አስመጡ።

እሺ፣ 12 ሚሊዮኑ ልክ ነው እንበል። እዚያ ውስጥ አንተ የሠራሃቸው ሰርቪስ ቤቶችም አሉ እኮ! ሩቡን በ3 ሚሊዮን ብትገዛ የራስህን ሲሚንቶ መልሰህ ገዛህ ማለት ነው። ስለዚህ ዕዳው ሲነሳ 10.8 ሚሊዮን ይቀራል፣ የሰርቪሶቹ 600,000 ሲነሳ 10.2። ሩቡ 2,550,000 ብር ሆነ። የሚነሳው ግን ያወጣኸው ሳይሆን ሰርቪሶቹ ዛሬ በቤቱ ዋጋ ላይ የጨመሩት ነው፤ 400,000 ብቻ ከጨመሩ እሱን ተቀበል፣ ደረሰኝ ይዘህ አትሟገት። ኪራያቸውን እስካሁን ብቻህን ስትወስድ ከነበረም ይታሰብለት።

ዕዳው ላይ ተጠንቀቁ። ከዋጋው ከቀነሳችሁት የሩቡ ዕዳ፣ 300,000 ብር፣ ወዳንተ ይዞራል። እሱ እንደድሮው ግማሹን እከፍላለሁ ካለ ግን አይቀነስም፣ 2,850,000 ትሰጠዋለህ። ከዋጋውም ቀንሰህ ዕዳውንም እሱ ይክፈል ማለት ብልጠት ሳይሆን ሌብነት ነው።

«ሩብ ቤት ማን ይገዛሃል፣ ቀንስልኝ» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ባዕድ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ለመጋራት ሙሉ ዋጋ አይከፍልም። ቸግሮት ለሚሸጥ ጓደኛ ግን እኔ አፌን ሞልቼ አልለውም። በዚያ ላይ ለውጭ ሰው ልሽጥ ቢል እንኳ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የጋራ ባለቤት ስለሆንክ የመቅደም መብት አለህ፣ ምን አስቸኮለህ? እስቲ ደግሞ በኪራይ አስበው፦ በ2,550,000 የምትገዛው በወር 15,000 ብር ነው፣ ያውም ግብርና ጥገና ሳይነሳ። ካልጣመህ ተወው።

ከተስማማችሁ ቤቱ የባንክ መያዣ ስለሆነ መጀመሪያ ባንኩን አናግሩ። ሚስት ካለችው እሷም ትፈርም። የስም ዝውውሩንና የግብሩን ወጪ ማን እንደሚችል ተነጋገሩ፣ ውሉን ውልና ማስረጃ አስመዝግቡት፣ ኪራዩ ከየትኛው ወር ጀምሮ 75 ለ25 እንደሚሆንም እዚያው ይጻፍ።