ድራይቨሩ ረዘመብን፤ የቱን እንቁረጥ?

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ አራት ኮር ባለው አነስተኛ ቦርድ ላይ ሊኑክስ እያስኬድን ነው። የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚቀይረው አሮጌ ድራይቨር (ሃርድዌሩን የሚያዝዝ ፕሮግራም) ፍጥነቱን ከሰንጠረዥ ይመርጣል፣ «ሊቀየር ነው» ብሎ ያሳውቃል፣ ቮልቴጁንና ክሎኩን (የፍጥነቱን ምት የሚሰጠውን) ይቀይራል፣ መልሶ «ተቀየረ» ይላል። ሳናበላሽ እንዴት እናሳጥረው?

መልስ፦ ከእነዚህ ሥራዎች የድራይቨሩ ድርሻ ሃርድዌሩን መንካት ብቻ ነው። የቀረውን የሲፒዩፍሬክ (የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚያስተዳድረው የሊኑክስ ክፍል) ዋና ኮድ ይሠራዋል። «ታርጌት» የሚባለውን ፋንክሽን አውጥታችሁ በ«ታርጌት ኢንዴክስ» ተኩት። ለእሱ የሚደርሰው የሰንጠረዡ ተራ ቁጥር ነው፤ የሚመርጠውም፣ በፊትና በኋላ የሚያሳውቀውም ዋናው ኮድ ነው። ሲሳካ ዜሮ፣ ሲከሽፍ ኔጌቲቭ የስሕተት ቁጥር መልሱ። ለማስጀመሪያው «ሲፒዩፍሬክ ጀነሪክ ኢኒት» ይበቃል፤ ነገር ግን ኮሮቹን ሁሉ በአንድ ፖሊሲ (ፍጥነታቸው አብሮ የሚቀየር ኮሮች የጋራ መዝገብ) ስለሚያስር አራቱም አንድ ክሎክ ካልተጋሩ አትጠቀሙበት።

ከቆረጣችሁ በኋላ አንድም የማሳወቂያ መስመር እንዳልቀረ ፈትሹ። ዋናው ኮድ ለውጡን ጀምሮ ሳለ ድራይቨሩ እንደገና «ልጀምር» ካለ የቀደመው እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ የቀደመው ደግሞ ራሱ ነው! ሎጉ ላይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ ሥራውም እዚያው ተገትሮ ይቀራል።

ሌላው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጁ ይቀድማል፣ ሲቀንስ ፍጥነቱ ይቀድማል። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጣ ሹፌር ኃይል ያለውን ማርሽ ዳገቱ ሳይዘው ነው የሚያስገባው። ከተገለበጠ ፕሮሰሰሩ በማይበቃው ቮልቴጅ ይሮጥና ቦርዱ አልፎ አልፎ ይደርቃል፤ ብዙ ሰው ሜሞሪው የተበላሸ ይመስለውና በከንቱ ይደክማል።

እንደ እኛ ከሆነ ግን ከማሳጠር አለመጻፍ ይሻላል። የቦርዱ ክሎክና ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚሰጠው) ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ በየራሳቸው ድራይቨር ካላቸው፣ ፍጥነቶቹንና ቮልቴጆቹን በዲቫይስ ትሪው (የቦርዱን ሃርድዌር ለከርነሉ የሚዘረዝር ፋይል) የኦፒፒ ሰንጠረዥ፣ ማለትም እያንዳንዱን ፍጥነት ከቮልቴጁ ጋር በሚያጣምረው፣ አስፍራችሁ «ሲፒዩፍሬክ ዲቲ» ለሚባለው የጋራ ድራይቨር መተው ትችላላችሁ። የቮልቴጁን ቅደም ተከተል እሱ ይጠብቃል። መለኪያው ላይ ብቻ ተጠንቀቁ፦ የድራይቨሩ ሰንጠረዥ በኪሎኸርዝ፣ ዲቫይስ ትሪው በኸርዝ ነው። 1.2 ጊጋኸርዝ በመጀመሪያው 1200000፣ በሁለተኛው 1200000000 ተብሎ ይጻፋል። ቮልቴጁ በማይክሮቮልት ነው።

ለሙከራ «ዩዘርስፔስ» ገቨርነርን (የፍጥነቱን ምርጫ ለተጠቃሚው የሚተወውን) ምረጡና እያንዳንዱን ፍጥነት «ስኬሊንግ ሴትስፒድ» በሚባለው ፋይል ውስጥ እየጻፋችሁ ሽቅብም ቁልቁልም ሂዱበት። ውጤቱን ከ«ስኬሊንግ ከር ፍሬክ» ፋይል አታንብቡ፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የታዘዘውን እንጂ የሆነውን አይደለም። ሃርድዌሩን የሚጠይቀው «ሲፒዩኢንፎ ከር ፍሬክ» ነው፤ እሱን ለማንበብ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) መሆን ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የጻፍነው ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ኮድ) የኮሩን ፍጥነት ለማወቅ፣ የኮሩን ፖሊሲ የሚወስደውን «ሲፒዩፍሬክ ሲፒዩ ጌት»ን ይጠራል። ከዚያ በኋላ የፍጥነቱን ድራይቨር ከከርነሉ ለማስወጣት ስንሞክር ትእዛዙ አይመለስም። ለምን?

መልስ፦ የወሰዳችሁትን ፖሊሲ አልመለሳችሁም። ለእያንዳንዱ «ጌት» የሚመልሰው አንድ «ፑት» («ሲፒዩፍሬክ ሲፒዩ ፑት») ያስፈልጋል፤ ከርነሉ ፖሊሲውን የሚያፈርሰው የያዘው ሁሉ ሲለቅቀው ስለሆነ እስከዚያ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው መሐል ላይ ስሕተት ሲገጥም ቶሎ የሚወጣው መንገድ ነውና መጀመሪያ እሱን እዩ። ፍጥነቱን ማንበብ ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ሁለቱንም ሰርዙና «ሲፒዩፍሬክ ክዊክ ጌት»ን ጥሩ፤ ራሱ ወስዶ፣ ራሱ መልሶ፣ በኪሎኸርዝ ይሰጣችኋል። ዜሮ ከመለሰ ለዚያ ኮር ፖሊሲ የለም ማለት ነው።