ከዘጠኙ ሣጥኖች ጀርባ፦ ስለ «ሆሊውድ ስኩዌርስ» ጥያቄና መልስ

በቅድሚያ አንድ ማሳሰቢያ። ይህ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዝግጅት በተለያየ ጊዜ በተለያዩ አቅራቢዎች ስለቀረበ፣ ጥያቄያችሁ የፒተር ማርሻልን ዘመን (ከ1966 እስከ 1981)፣ የጆን ዴቪድሰንን (ከ1986 እስከ 1989) ወይስ የቶም በርጀሮንን (ከ1998 እስከ 2004) እንደሚመለከት ግለጹልኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዝግጅቱን ላላየን ሰዎች አካሄዱን ቢያስረዱን?

መልስ፦ ዘጠኝ ዝነኞች ሦስት በሦስት በተደራረቡ ክፍት ሣጥኖች ውስጥ ይቀመጣሉ። ሁለት ተወዳዳሪዎች፣ አንዱ ኤክስ ሌላው ኦ ሆነው፣ በየተራ አንድ ዝነኛ ይመርጣሉ። አቅራቢው ዝነኛውን ይጠይቃል፤ ዝነኛው ሲመልስ ተወዳዳሪው «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» ይላል። በትክክል የፈረደ ሣጥኑን ይወስዳል፤ ሦስት ሣጥን በአንድ መስመር ያገኘ ያሸንፋል።

አንድ አባል፦ በ1966 አብዮት እየፈነዳ ማን ጨዋታ ያያል?

ሌላ አባል፦ አብዮቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እዚህ የተጻፈው የፈረንጅ ዓመት ነው። በእኛ 1959 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

መልስ፦ ትክክል፤ ሥርጭቱ የጀመረው በኤንቢሲ ጣቢያ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1966 ነው። ዓመቶቼ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ ለዝነኞቹ መልሱ አስቀድሞ ይነገራቸው ነበር ይባላል። ውድድሩ የተጭበረበረ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ነገሩን ለመረዳት ወደ 1950ዎቹ መመለስ ያስፈልጋል። «ትዌንቲ ዋን» በተባለው የጥያቄ ውድድር ላይ አዘጋጆቹ ለተወዳዳሪዎች መልስ ይሰጡ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ቻርልስ ቫን ዶረን በ1959 በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ይህንኑ አመነ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1960፣ ሕዝብን ለማታለል ለተወዳዳሪ በስውር መርዳት በሕግ ወንጀል ሆነ። የ«ሆሊውድ ስኩዌርስ» አዘጋጆች መሪል ሂተርና ቦብ ኩዊግሊ ይህን ዝግጅት የጀመሩት ይህ ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ዝነኞቹ ከቀረጻው በፊት ስለ ጥያቄዎቹ ርእስና ሊሰጡ ስለሚችሉት የማሳሳቻ መልስ ይመከሩ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ጥያቄው ወይም መልሱ ራሱ ሊታወቃቸው እንደሚችል ደግሞ በዝግጅቱ ውስጥ ለተመልካች በግልጽ ይነገር ነበር። ዝነኛው ግን ተወዳዳሪ አይደለም፤ ገንዘቡም የእርሱ አይደለም። ተወዳዳሪው የሚፈተነው እውነቱን ከማሳሳቻው በመለየት ችሎታው ነው፤ እርሱ ደግሞ ምንም አይነገረውም።

አንድ አባል፦ ማስታወቂያውን በጥድፊያ አንብቦ ማለፍ ግን ሕዝብን ማታለል አይደለምን?

ሌላ አባል፦ ሳይሰማ የቀረ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ለብቻችሁ ቀጥሉበት። እኔ የምለው፣ የተነገረ ነገር ስውር አይባልም።

ጥያቄ፦ ከዝነኞቹ አንዱ የነበረው የቀልደኛው ፖል ሊንድ ቀልዶች ድንገተኛ ነበሩ ወይስ የተጻፉ? የማርሻልን ዘመን ማለቴ ነው።

መልስ፦ ዘመኑን ስለ ገለጽህ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ሲጠየቅ ለመመለስም ደስ ይላል። በአብዛኛው የተጻፉ ነበሩ። ጸሐፊዎቹ የሚፈልጉት እውነተኛ መልስ ያለው፣ ግን ለቀልድ እጀታ የሚሆን ጥያቄ ነበር። ለምሳሌ የሞተር ብስክሌት ጋላቢዎቹ ሄልስ ኤንጅልስ ለምን ቆዳ እንደሚለብሱ ሲጠየቅ፣ ሊንድ «ሺፎን ቶሎ ስለሚጨማደድ ነው» አለ (ሺፎን ስስ የሴት ልብስ ጨርቅ ነው)። ጥያቄው በቁም ነገር የሚመለስ ነው፤ ቀልዱ ግን ቀድሞ ይደርሳል። ሊንድ ከ1968 ጀምሮ የመካከለኛው ሣጥን ቋሚ ባለቤት የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መካከለኛው ሣጥን በአራት መስመሮች ላይ ስለሚገኝ ተወዳዳሪዎች አዘውትረው ይጠሩታል። ሰዎች የሚረሱት ግን ማርሻልን ነው። ከቶሚ ኑናን ጋር በጥንድ ሲቀልድ የቆየ ሰው ስለ ነበር፣ ቀልደኛ እንዲያበራ አጠገቡ ያለው ሰው ኮስተር ማለት እንዳለበት ያውቃል። ጥያቄውን እንደ ዜና አንባቢ ፊቱን ሳይፈታ ያነባል፤ ሳቁ ጋብ እስኪል ይጠብቃል፤ ከዚያም እውነተኛውን መልስ ይጠይቃል። ማርሻል ከቀልዱ ቀድሞ ቢስቅ ኖሮ የሊንድ ቀልድ ግማሹ በወደቀ ነበር።

ጥያቄ፦ ለአንድ ቀን ስንት ይከፈላቸው ነበር?

መልስ፦ የሰው ኪስ አልቆጥርም።

ጥያቄ፦ ሰክረው ይቀርጹ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ «ሰክረው» ማለት ይበዛል። የአንድ ሳምንት አምስት ክፍሎች በአንድ ቀን ይቀረጹ ነበር፤ በመካከል እራት አለ፤ በእራቱም ላይ መጠጥ አይጠፋም። ስለዚህ ከእራት በኋላ የተቀረጹት ክፍሎች ሞቅ ያሉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ መልሱን ካወቁ የተጭበረበረ ነው ማለት አይደል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይ በስፋት ጽፌዋለሁ። ዝነኛው ተወዳዳሪ አይደለም። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከሁሉም የሚበልጠው ዝነኛ ማን ነበር?

መልስ፦ በየትኛው ዘመን? ይህን ከመጀመሪያው አሳስቤ ነበር።

ጥያቄ፦ በበርጀሮን ዘመን፣ በ1999፣ ቀልደኛው ጊልበርት ጎትፍሪድ «አንተ ጅል!» እያለ የጮኸበት ክፍል ለምን ያን ያህል ተራዘመ? አንዱ ሲሳሳት ሣጥኑ ለሌላው አይሰጥም እንዴ?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይብዛልኝ። አዎ፣ አንዱ ሲሳሳት ሣጥኑ ለተጋጣሚው ይሰጣል፤ ነገር ግን ያ ሣጥን ተጋጣሚውን አሸናፊ የሚያደርግ ከሆነ አይሰጠውም፤ ራሱ ተጠይቆ በትክክል በመፍረድ ማግኘት አለበት። ማንም በሌላው ስሕተት እንዳያሸንፍ የተደረገ ደንብ ነው። በዚያ ቀን ሁለቱም ለማሸነፍ የጎትፍሪድን ሣጥን ይፈልጉ ነበር፤ ሁለቱም ደጋግመው ተሳሳቱ፤ ደንቡ ደግሞ ሣጥኑን ለማንም አልሰጥ አለ። ጩኸቱን የጀመረው ከዝነኞቹ አንዱ የሆነው ፔን ጂሌት ነበር፤ ጎትፍሪድ ተቀብሎ በእያንዳንዱ ስሕተት ላይ ደገመው። የዚያን ቀን ሳቅ ያመጣው ከቀልድ ጸሐፊዎቹ ይልቅ ደንቡ ነው።

ጥያቄ፦ እና ያኛውስ የተጭበረበረ አልነበረም?

መልስ፦ ከላይ ተመልከቱ።