መልስ፦ ተራራና ሐይቅ በዩናን፣ በስምንት ቀን

ወንድሜ፣ «ቦርሳዬን አዝዬ በስምንት ቀን የቻይናዋን ክፍለ ሀገር የዩናንን ተራራና ሐይቅ ማየት እችላለሁ ወይ?» ላልከው፣ በደንብ ትችላለህ። ሁሉንም ልየው ግን አትበል። የነብር ዝላይ ሸለቆና ሉጉ ሐይቅ ይበቁሃል።

መነሻህን ሊጂያንግ ከተማ አድርግ። ከፍታዋ 2400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ልጅ አይከብድም። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ሸለቆው። ታች ያለውን የመኪና መንገድ ተወውና የላይኛውን የእግር መንገድ ያዝ። «28ቱ ጥምዝ» የሚሉት ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ በጠዋት ጀምረው። እሱን ካለፍክ በኋላ የምታየውን አትረሳውም! ከሥርህ የያንግትዜ የላይኛው ክፍል፣ ጂንሻ ወንዝ፣ ያገሳል። ፊት ለፊትህ 5596 ሜትር የሚረዝመው ጄድ ድራጎን ተራራ ቆሟል። መንገዱ ላይ ማረፊያ ቤቶች ስላሉ ድንኳን አትሸከም። አንድ ሌሊት እዚያው እደር።

ቀጥሎ ሉጉ፣ በዩናንና በጎረቤቷ ክፍለ ሀገር በሲቹዋን ድንበር ላይ። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ለሐይቁ ቢያንስ ሦስት ቀን ስጠው፣ መሮጥ አያስፈልግም። ዙሪያው የሚኖሩት ሞሱዎች ዘር የሚቆጥሩት በእናት ነው። ልጅ በእናቱ ቤት ያድጋል፣ አጎቶቹም ያሳድጉታል። እባክህ ሳትጠይቅ ፎቶ አታንሳቸው። ቤታቸው እንጂ ትርኢት አይደለም።

ዝናቡ እንደኛው ክረምት ነው፣ ናዳም አለው። ስለዚህ በጥቅምት ወይም በኅዳር ሂድ። አሊፔይ የሚባለውን የቻይና መክፈያ መተግበሪያ ስልክህ ላይ ጫን፣ ለገጠሩ ግን ጥቂት ጥሬ የቻይና ገንዘብ ያዝ።